በአንተ አረማመድ

ለታንኳ ወንድሜ፣

ከጣና ዳር የተነሣ ሰላምታዬ አንተ ከተኛህበት የሆስፒታል አልጋ ድረስ ይምጣልህ። እንዴት ከርመሃል? ቁስሉስ ጠገገልህ? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ትመልስልኛለህ ብዬ አይደለም፤ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ አስቀድሞ ጤና ይጠይቃል ተብለን ስለተማርን ነው። አንተማ መልስ ከከለከልኸኝ ቆየህ። እኔ ደህና ነኝ። ብርድ አልነካኝም፣ ጉማሬ አልገለበጠኝም፣ እስካሁን ያገባችኝም ሴት የለች።

ያቺን አንዲት ደብዳቤህን እስካሁን በኪሴ ይዣት እዞራለሁ። «ቀኝ እግሬን ቆርጠውታል። ለእናቴ እንዳትነግር። ባሕር ዳር አልመለስም።» አለቀ! ከስምንተኛ ክፍል የተባረርሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ሰው እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ቢያንስ «የዶሮ ወጥ አምሮኛል» አይልም?

እናትህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ላይ ይይዙኛል። «ከልጄ ምን ወሬ አለ?» ይላሉ። እኔም ሰላምታህን እንደ ቆሎ ከኪሴ እየዘገንሁ እሰጣቸዋለሁ። «ወፍሯል አሉ፣ እትዬ የብርጓል። ድምፁም ጎርንኗል አሉ።» አንድ ጊዜ ውሸት አለቀብኝና «ሚስት ሊያገባ ነው መሰለኝ» አልኋቸው። ከዚያ ወዲያ መከራዬን አበሉኝ፤ የማን ልጅ ናት፣ አባቷ ማን ይባላል፣ ጾም ትጾማለች ወይ? የሌለች ሴት አባት ስም ማውጣት እንዴት እንደሚያስቸግር አንተ አታውቅም። ደሞዝ የሚባል አማች አለህ፤ ሀብታም ነው፤ እወቀው።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልግባ። ትሰማኛለህ፤ ደብዳቤ ጆሮ ይዞ አይጎትትም እንጂ ጎትቼህ ነበር።

በፔዳ መንገድ፣ ሐይቁ ዳር፣ ያ የእህል መጋዘን የነበረው አዳራሽ እግር መሥሪያ ሆኗል። የምሬን ነው፤ እግር። እንዳንተ ያሉ ከግንባር የተመለሱ ልጆች በክራንች ይገባሉ፣ ይለካሉ፣ ቆይተው በሁለት እግራቸው እየተንገዳገዱ ይወጣሉ። ዋናው ባለሙያ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ረጅም ሰው ነው። ስሙን አፌ ስለማይችለው ጓድ ልኬት ብዬዋለሁ፤ አሁን አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው፤ እሱም ወዶታል፤ ማዕረግ መስሎታል። እናትህ የአዳራሹ ጽዳት ናቸው። ይህንንም አታውቅም፤ ማን ይንገርህ? አኩርፈሃላ።

ጓድ ልኬት ሰው ሠራሽ እግር ከመሥራቱ በፊት ጤነኛ እግር ሲሄድ ጉልበቱ ምን እንደሚያደርግ፣ ቁርጭምጭሚቱ መቼ እንደሚታጠፍ አጣርቶ ማወቅ አለብኝ አለና ቀበሌውን ጤነኛ እግር ያለው ወጣት ላኩልኝ ብሎ ጠየቀ። ቀበሌው እኔን ላከ። ጤነኛ ጭንቅላት ተፈልጎ ቢሆን ባልላኩኝ።

አዳራሹ ውስጥ አራት ካሜራ አለ፤ ሲኒማ የሚያነሣው ዓይነት። እያንዳንዱ በሦስት እግር ቆሞ ወደ መካከል ያፈጣል፤ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ። የገባሁ ቀን «አራት ካሜራ ለአንድ ሰው? ይህን ያህል ቆንጆ ነኝ እንዴ?» አልኋቸው ጋሽ ዳኘውን። ጋሽ ዳኘው ፔዳ ኮሌጅ የሚያስተምሩ፣ ጀርመን አገር ተምረው የመጡ ሰው ናቸው፤ ለፈረንጁ ያስተረጉማሉ። እሳቸውም ሳይቆጡ «አንተ የሐይቅ ልጅ አይደለህም? መረባችሁን የት እንደጣላችሁ በምን ታውቁታላችሁ?» አሉኝ።

ያኔ አንተ ትዝ አልኸኝ። ረስተኸዋል? መረቡን ጥለን ስናበቃ አንተ ወደ ክብራን ትዞርና «ትልቁ ዛፍ ከደሴቲቱ ጫፍ ጋር ገጥሟል» ትላለህ። እኔ ወደ ቤዛዊት እዞርና «ኮረብታው ከፋብሪካው ጣራ ጋር ገጥሟል» እላለሁ። በነጋታው ሁለቱም እስኪገጥሙ ቀዝፈን እጃችንን ብንከት መረቡ እዚያው ነው። አንድ ቀን እኔ ፔሊካን ሳይ የቤዛዊትን ረስቼ፣ ባንተው ምልክት ብቻ ስንፈልግ ዋልን፤ አንድ መሥመር ይዘን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። በመቅዘፊያው የመታኸኝ አናቴን አሁንም ብርድ ሲሆን ያመኛል።

የሰው ጉልበትም እንዲሁ ነው አሉኝ ጋሽ ዳኘው። አንድ ካሜራ ጉልበቱ በየት በኩል እንዳለ ያያል እንጂ ምን ያህል እንደራቀ አያውቅም። ሁለት ሲያዩት ነው የሚያዘው። አራት የሆኑት እጄ እየተወዛወዘች ወገቤን ስለምትሸፍን ነው፤ አንዱ ሲጋረድበት ሌላው ይይዘዋል። ሁሉም ከአንድ ቅጽበት እንዲቆጥሩ ደግሞ ልነሣ ስል አምፖል ብልጭ ይላል፤ ጓድ ልኬት በአራቱም ፊልም ላይ ያቺን ብልጭታ ፈልጎ ከዚያ ይጀምራል።

ታዲያ ካሜራው ራሱ የት እንደቆመ ካላወቀ ምን ዋጋ አለው? ለዚህ ደግሞ ከብረት ዘንግ የተበየደ ባዶ ሣጥን አለ። ቁመቱ የሰው ያህላል፤ በየመጋጠሚያው ነጭ ኳስ ተሰክቶበታል። ጓድ ልኬት ከኳስ እስከ ኳስ ያለውን ርቀት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል። ጠዋት ጠዋት ሣጥኑ መካከል ይቆምና አራቱም ያነሡታል፤ ከዚያ እናወጣዋለን። ጋሽ ዳኘው እንዳሉኝ፣ ካሜራ የሚታወቅ ነገር ሲያይ ነው የራሱን ቦታ የሚያውቀው። ሣጥኑ ከወጣ በኋላ ግን አንዱን እንኳ በጣት ብትነካው ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። እንደገና ሣጥን፣ እንደገና ማንሣት፣ እንደገና የፈረንጅ ኩርፊያ።

እኔን ደግሞ ጥቁር ጥብቅ ልብስ አልብሰው በትከሻዬ፣ በዳሌዬ፣ በጉልበቴ፣ በቁርጭምጭሚቴ ላይ ነጭ ነጭ ኳስ ለጠፉብኝ። ቁርጥ ጅግራ! ልጆቹ በአጥር ቀዳዳ እያዩ «ጅግራው ወጣ! ጅግራው ወጣ!» ይላሉ። አንተ ብታየኝ ስቀህ ስፌትህ በተፈታ ነበር። ይቅር በለኝ።

ጓድ ልኬት የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «እንደ ልማድህ ሂድ።» እንደ ልማዴ! ልማዴን አንተ ታውቀው የለም? አሸዋው ላይ «ማን ነኝ?» ስንጫወት ያደግን ሰዎች ነን። አንዱ የሰፈሩን ሰው አረማመድ ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ያውቃል። አንተ ሦስት ሰው ብቻ ነበር የምትችለው፤ ሦስቱም ዝይ ይመስሉ ነበር። እኔ ግን አገሩን በሙሉ በእግሬ ውስጥ ይዤዋለሁ። አባ ገብረ መስቀል ከኋላቸው መቋሚያ ይዤ ስከተላቸው ድንገት ዘወር ያሉ ቀን ትዝ ይልሃል? ሊረግሙን ነው ብለን ስንንቀጠቀጥ «የእኔ ጉልበት እውነት እንዲህ ይንቀጠቀጣል?» ብለው ጠየቁን። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስቲ የመሪጌታን አሳየኝ» አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ ቆመን ሦስታችን ሆዳችንን ይዘን የሳቅነው ሳቅ፣ ያን የመሰለ ሳቅ እኮ ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

እና ሰኞ አባ ገብረ መስቀልን ሄድሁላቸው። ማክሰኞ ጠላ ሻጯን ውዴን። ረቡዕ አንድ የምታውቀውን የቀበሌ ሰው፣ ደረቱ ከእግሩ ቀድሞ የሚሄደውን፤ ስሙን አልጽፍም፤ ደብዳቤ መንገድ ላይ አፉ ይከፈታል። ጓድ ልኬት ፊልሙን ጨለማ ክፍል አጥቦ፣ በመስተዋት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ነጥብ በነጥብ ሲለካ ራሱን ይይዛል። የሰኞው ሰው ጉልበቱ አይዘረጋም፤ የማክሰኞው ዳሌው ይዞራል፤ የረቡዑ ወደ ኋላ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «አንድ ሰው እንዲህ ሊሆን አይችልም፤ ካሜራዬን የሚነካብኝ ሰው አለ» አለ። ጠዋት ሣጥን፣ ከሰዓትም ሣጥን ሆነ። እኔ ማዕዘኑን ይዤ አብሬው ሣጥን እሸከማለሁ፤ ፊቴን ብታየው መልአክ ነው።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ነገሩ ተበላሸ። እናትህ በዓል ነው ብለው ማለዳ ከሐይቁ ዳር ቄጤማ አጭደው አዳራሹን ሙሉ ጎዘጎዙት። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ካሜራዎቹ በባዶ መሬት ቆመው ይዋሉ እንዴ፣ እንግዳ አይደሉም ወይ ብለው፣ እግራቸውን አንድ በአንድ አንሥተው ከሥራቸው ጎዝጉዘው፣ በክብር መልሰው አቆሟቸው! ጓድ ልኬት ሲገባ ካሜራው እንደ ሙሽራ በቄጤማ ላይ ቆሟል።

ያልጮኸው ጩኸት የለም። በየቀኑ የምትነኪብኝ አንቺ ነሽ አለ። ጋሽ ዳኘው ለስለስ አድርገው ሊያስተረጉሙ ሞከሩ፤ ግን «ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳትገቢ» የሚለውን በምን ያለሰልሱታል? እናትህ መጥረጊያቸውን ይዘው «እኔ ዛሬን ብቻ ነው የነካሁት፣ ያውም ለበዓሉ ብዬ» አሉ። ልብሴ ላይ ያሉት ኳሶች እንደ ፍም አቃጠሉኝ።

«ካሜራው አልተነካም፣ ሰውዬው ነው የተለዋወጠው» አልሁ። ጋሽ ዳኘው አልገባቸውም። ንግግሩን ተውሁና ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ አባ ገብረ መስቀልን ሄድሁ። ስመለስ ውዴን። እንደገና ያን የቀበሌውን። ጋሽ ዳኘው ሦስተኛው ላይ አፋቸውን በመሐረብ ያዙ። ጓድ ልኬት ግን አልሳቀም፤ ወደ ጠረጴዛው ሮጦ የሰኞን፣ የማክሰኞን፣ የረቡዕን ፊልም እያነሣ ያይ ጀመር። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ካሜራዎቹ አልተሳሳቱማ! እናትህንም በሁለት እጁ ጨብጦ ይቅርታ ጠየቀ። ለእኔ ግን «አንድ ሰው ምረጥና እስክንጨርስ እሱን ብቻ ሁን» አለኝ።

ማንን ልምረጥ፣ ወንድሜ? እኔ መረጥሁ ወይስ እግሬ መረጠ?

ቄጤማው ተነሣ፣ ሣጥኑ ገባ፣ ወጣ፣ አምፖሉ ብልጭ አለ። እኔም አንተን ሄድሁ። እርጥብ ታንኳ ተሸክመህ ከውኃ ስትወጣ የምትሄደውን፤ ቀኝ ትከሻህን ጣል፣ ግራ እግርህን እንቁራሪት እንደሚፈራ ሰው ወጣ አድርገህ፣ ልትዞር ስትል ሰው የጠራህ ይመስል አንድ አፍታ ቆም ብለህ። ደግሞ እኮ ደስ አለኝ። ከጠፋህ ወዲህ አብረኸኝ የዋልኸው ያን ቀን ነው።

ጫፍ ደርሼ፣ ቆም ብዬ፣ ስዞር እናትህ ከበሩ ሥር ቄጤማውን ታቅፈው ቆመዋል።

«ይኼ የእኔ ልጅ ነው» አሉ።

ካሜራዎቹ ገና ይንኮሻኮሻሉ። «አንተ ቀበጥ፣ የልጄን አረማመድ ምን ብለህ ነው እግር መሥሪያ ቤት ያመጣኸው?» አሉኝ።

ደግሞ ያቺን የሌለች ሚስትህን ልጥራላቸው? እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አልነገርኋቸውም። እኔ ቃልህን ጠብቄያለሁ፤ የነገራቸው አረማመድህ ነው።

ቄጤማውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። «የትኛው ነው?» አሉኝ። ዓይኔ ሳላዘው ወደ ቀኝ እግሬ ወረደ። «ከጉልበት በላይ ነው ወይስ በታች?»

«በታች ነው፣ እትዬ።»

«ተመስገን» አሉ። አዎ፣ ተመስገን ነው ያሉት። እዚያ እየጠረጉ ሲውሉ ጉልበቱ የተረፈለት ልጅ ቶሎ ለምዶ ሲወጣ ያያሉ፤ ያውቃሉ። እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ነጠላቸውን አጠበቁና «በል ድገመው» አሉኝ። ደገምሁት። «አበዛኸው፤ ትከሻው ይህን ያህል አይወድቅም። ግራ እጁንም እንዲህ አይወረውራትም፤ ወደ ጭኑ ጠጋ ያደርጋታል፣ ልጅ ሆኖ ዳቦ ይደብቅባት ነበር።» እኔ እየሄድሁ እሳቸው እያረሙኝ፣ ጓድ ልኬት አምፖሉን ደጋግሞ ብልጭ እያደረገ፣ ልክ አንተን እስክሆን ድረስ። ልክ ስሆን አላረሙኝም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ያን ጊዜ አለቀሱ።

ኋላ «ለዚያ ሞኝ ጻፍለት» አሉኝ። ያሉትን እንዳለ አደርስሃለሁ፤ አንድ ፊደል የጨመርሁበት የለም። «ስወልደው ጭንቅላቱ ነው የቀደመው፤ እግሩ መጨረሻ ነው የመጣው። አሁንም እሱ ይቅደም፤ እግሩ ይደርሳል።»

ጓድ ልኬት ፊልምህን ቆርቆሮ ውስጥ ከቶ ስምህን ጽፎበታል። እግሩን ግን በፊልም ብቻ አልሠራም አለ፤ ባለቤቱ መጥቶ ይለካ፣ ፊልሙ ወዴት እንደምንመልሰው ያሳየናል አለ። እና ትመጣለህ። እዚያ አልጋ ላይ ሆነህ የት እንዳለህ የጠፋህ የምታውቀው ነገር ስለማታይ ነው፤ ካሜራ እንኳ ሣጥኑን ሳያይ ቦታውን አያውቅም። መጥተህ ክብራንን እይ። እናትህን እይ። ሰው ያየኛል ብለህም አትፈር፤ ያንተን አረማመድ የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔ ሰፈሩን በሙሉ እያሳየሁ ነው። ታንኳ ደግሞ ተቀምጠው ነው የሚቀዝፉት። ሐይቁ እግርህን ጠይቆ አያውቅም።

አንዲት ወሬ ቀረችኝ። በመጨረሻው ቀን ጓድ ልኬት «አሁን የራስህን ሂድ» አለኝ። አምፖሉ ብልጭ አለ። ቆምሁ። እግሬን ላነሣ ብል አባ ገብረ መስቀል ይመጣሉ፣ ውዴ ትመጣለች፣ አንተ ትመጣለህ፤ የእኔው የለም። እንዲያ ስደናበር እናትህ ከአዳራሹ ጫፍ «ዝም ብለህ ወደ እኔ ና» አሉኝ። ሄድሁ። ጋሽ ዳኘው «ይኼስ ማን ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው «ይኼማ የእኛው ቀበጥ ነው» አሉ። ምን እንደምመስል አላውቅም። ያ ፊልም ካንተው ቆርቆሮ አጠገብ ተቀምጧል። ስሜን ሲጽፍበት ዝም ብዬ አየሁት፤ መልካም ነው፣ ይቀመጥ፤ ምን ይታወቃል?

ስትመጣ እኔን ፈልገህ አትድከም። ካሜራው ሥራውን ሲጨርስ ጤነኛ እግር ለሌላ ጉዳይም ይፈለጋል ተባለና፣ ከሰፈራችን ልጆች ጋር አገር ልናይ ነው። መኪናውን ቀበሌው ያቀርባል። ጸጉራችንን በነጻ ይላጩናል። ጫማም ይሰጡናል፤ ያውም ጥንድ ጥንዱን። አንተ የሄድህበት ነውና መንገዱን ታውቀዋለህ፤ በየት በየት እንደሚያልፍ ለእኔ እናት አትንገራቸው፤ እኔ ስላንተ ለእናትህ እንደዋሸሁት ቆንጆ አድርገህ ዋሽልኝ። ከፈለግህ ደሞዝን አማቴ አድርገው፤ ሀብታም ነው።

ታንኳው አዲስ ነው፤ የታሰረበት ደንገል ገና አረንጓዴ ነው። ስትመለስ ከውኃ አውጥተህ አቁመህ ካላደረቅኸው ይበሰብሳል፤ ታውቃለህ። የመረቡን ምልክት አልቀየርሁትም፤ ዛፉን አንተ፣ ኮረብታውን እኔ። እስክመለስ የእኔንም አንተው ያዝልኝ።

የክብራን ገብርኤል ከአልጋህ ያንሣህ። ባዝራ በቅሎ ሳትሻ፣ ክራንች ሳትጠየፍ፣ ለጥምቀት ከእናትህ ደጅ ያድርስህ። የተረፈህን ሁሉ ይጠብቅልህ፤ ያለኝንም ይጠብቅልኝ። እግር መሥሪያው ስትደርስ ፊልሙን አሳዩኝ በላቸው። አምፖሉ ብልጭ ሲል ቆሞ የሚደናበር አንድ ጅግራ ታያለህ። ማን ነኝ? ይኼኛውን እንዳትሳሳት።

አናቱን በመቅዘፊያ የመታኸው፣
የታንኳ ወንድምህ